እንከን የሌላት ጀልባ

በርን፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1997

ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ ሲክስተን፤

ከሩቅ እጅ ነሥቻለሁ። እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ጆሮህንም ትንሽ ቢከፍትልህ አይጠላም። ባለፈው እሑድ ስደውልልህ «ማነው? አልገዛም» ብለህ ዘጋህብኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው በደብዳቤ መጣሁ።

እንኳን ደስ አለሽ በለኝ። የትራም መሥሪያ ቤቱ የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጠኝ። ደመወዝ የለውም፤ ስመለስ ግን ሥራዬ ይጠብቀኛል። ይህ ለአንድ ሹፌር በሥራ ዘመኑ አንዴ ብቻ የሚሰጥ ነው። ጁን አንድ ይጀምራል። ያኔ ካልወጣሁበት ይቃጠላል፤ ሁለተኛ አይጠየቅም።

ዕድሜዬን በሐዲድ ላይ ጨረስኩ፣ አጎቴ። ጠዋት የሄድኩበትን ማታ እመለስበታለሁ። አሁን ሐዲድ በሌለበት መሄድ እፈልጋለሁ። ከሥራ ጓደኛዬ ከሬጉላ ጋር በጋውን የኖርዌይንና የዴንማርክን ዳርቻ ይዘን ጀልባዋን እንለምዳለን፤ ከዚያ ወደ ስፔን እንወርዳለን፤ ከዚያ ካናሪ ደሴቶች፤ ከዚያ እግዚአብሔር ካለ ውቅያኖሱን እንሻገራለን። ሬጉላ በቱን ሐይቅ ላይ ሸራ ስትጎትት ያደገች ናት። ስድብ ታበዛለች እንጂ እጇ ጥሩ ነው። የምንፈልጋት ዓይነት ጀልባ ለአንድ ሰው ስለማትሆን፣ ያለ እሷ እኔም የለሁም።

አባቴ የተወልኝ ለአዲስ ጀልባ አይበቃም፤ ለአሮጌ ይበቃል። አሮጌ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል። አንተ ጡረታ እስክትወጣ የመድን መርማሪ ሆነህ የተሰበረውን፣ የሰጠመውን፣ ድንጋይ ላይ የወጣውን ጀልባ ሁሉ ስትመረምር ኖረሃል። በዚያ ዳርቻ ከአንተ የተሻለ ዓይን የለም። ከጋዜጣ የቆረጥኩት ማስታወቂያ ከዚህ ጋር አለ። ነጭ ናት፤ የላይ ወለሏ በቲክ እንጨት የተለበጠ ነው፤ ውስጧ ቀይ ትራስ አላት። ፎቶዋን ሳየው ልቤ ደነገጠ። እባክህ ሂድና እይልኝ።

የወንድምህ ልጅ፣ ቲራ


ኦሩስት ደሴት፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለቲራ፤

ሰላም ላንቺ፤ ቤትሽ ይሙላ። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፈቃድሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ፤ አባትሽ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ጀልባዋን አየኋት። ተያት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቲክ ለበጡ በቪስ የተመታ ነው። በሺህ የሚቆጠር ቪስ ማለት በሺህ የሚቆጠር ቀዳዳ ማለት ነው፤ ውሃ ደግሞ ቀዳዳ አይንቅም። በፕላስቲክ መዶሻዬ እያንኳኳሁ ሄድኩ። ጤነኛ ወለል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ይቺ ከሸራው ምሰሶ ፊት ለፊት እንደ እርጥብ ካርቶን መለሰችልኝ። በላዩና በታቹ የፋይበር ንጣፍ መሃል ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው። ሻጯ ሴትዮ ከሥር ቆማ «ትራሱን አዲስ አሰፍቼዋለሁ» ትለኛለች። «እመቤቴ፣ ማዕበል ሲመጣ ትራሱ ላይ እንቀመጥ?» አልኳት። ተቀየመች።

ጀልባ ስታገኚ ወደብ ላይ ስለ ማሰሪያ ቦታ አታስቢ። የኔ አለ። ከአባትሽ ጋር በወጣትነታችን ተመዝግበን ያገኘነው፣ ለትልቅ ጀልባ የሚሆን ቦታ ነው። ሁለት በጋ ባዶ የከረመ ቦታ ለተረኛ ይሰጣል ስለሚል የጀልባ ክበባችን ሕግ፣ ትንሿን የመቅዘፊያ ጀልባዬን አስሬበት ኖሬያለሁ። ሰዎቹ «የሲክስተን ውሻ በፈረስ ጋጣ ታሰረ» እያሉ ይሳለቃሉ። ይሳለቁ። የወደብ ጥበቃ ተራዬን አንድ ጊዜ አላጎደልኩም፤ መዋጮዬንም አላቋረጥኩም።

አትቸኩይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አጎትሽ ሲክስተን


በርን፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1997

ለውድ አጎቴ፤

ከነጉልበትህ ሰላም ሁን። ስለ ድካምህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀዩን ትራስ ተሰናብቼዋለሁ፤ ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽህም።

አሁን ሁለት ልኬልሃለሁ። አንደኛዋ ሆላንድ የተሠራች የብረት ጀልባ ናት። ሬጉላ «ብረት ነው የሚሻለን፤ ዓሣ ነባሪ ቢገጨን እሱ ነው የሚያዝነው» ትላለች። ሁለተኛዋ ቀጠን ያለች የፋይበር ጀልባ ናት፤ ሻጩ በጣም ፈጣን ናት ይላል። ሁለቱም ከቤትህ በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ቦታ ናቸው። ጀልባ ሁሉ አሁን ከውሃ ወጥቶ ስለቆመ ሆዱን ለማየት ይመችሃል፤ ባለቤቶቹም የክረምቱን ማቆሚያ ላለመክፈል ሲሉ ዋጋ ይቀንሳሉ።

አንድ ነገር ልለምንህ። መልስህን ቶሎ ላክልኝ። ሬጉላ በሻይ ሰዓት «የአጎትሽ ፍርድ ቤት ምን ወሰነ?» እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች።

አክባሪህ ቲራ


ኦሩስት፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1997

ለቲራ፤

ሰላምና ጤና ላንቺ፣ ለጓደኛሽም። የጌታ ልደት ብርሃን በቤትሽ ይብራ። ዘግይቻለሁ። ሁለቱን ጀልባዎች እየተመላለስኩ ሳይ ነው ወሩ ያለቀው፤ አንዴ አይቶ የሚፈርድ እኔን አይምሰል።

የብረቷ ከውጭ ስታያት ሙሽራ ናት። አዲስ ቀለም የተቀባ የብረት ጀልባ ስታዪ ግን ቀለሙ ምን ሊሸፍን ነው ብለሽ ጠይቂ። ከምግብ ማብሰያው ሥር ያለውን ጣውላ አነሣሁና እጄን ሰደድኩ። ዝገቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት እየተላጠ በእጄ መጣ። ብረት ከውጭ አይሞትም፤ ከውስጥ ነው። ሻጩ «እጅህን እዚያ ድረስ መክተት ምን አስፈለገህ?» ብሎ ተቆጣ። «የወንድሜ ልጅ እዚያ ላይ ልትተኛ ነው» አልኩት።

ቀጭኗ ደግሞ እንዳትገለበጥ ከሥሯ የሚይዛት ክብደት በብሎን የተንጠለጠለ ነው። ከአካሏ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ስንጥቅ አለ። አንድ ጊዜ ድንጋይ መትታለች ማለት ነው፤ ሻጩ ግን «ኧረ በጭራሽ» አለኝ። እንዲህ ያለው ክብደት መሃል ባሕር ላይ ሲወድቅ ጀልባዋ ለመገልበጥ ፈቃድ አትጠይቅም። በሥራዬ ሁለት አይቻለሁ።

በተረፈ የክበቡ አመራር በጃንዋሪ ስለ ማሰሪያ ቦታዬ ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል። ወሬ አይጠፋቸውም። አንቺ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ረጋ በይ። በጋ ሁልጊዜ አለ።

አጎትሽ


በርን፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1998

ለአጎቴ፤

አዲሱ ዓመት ይባረክልህ። ቁጣዬ ከሰላምታዬ እንዳይቀድም ሰላምታውን ጽፌ አንድ ቀን አሳደርኩት።

በጋ ሁልጊዜ አለ ትለኛለህ። የኔ በጋ ግን አንድ ነው። እሱን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጽፌልሃለሁ። አንተ የምትልክልኝ ሁሉ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ ትራሜ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን አገኘዋለሁ። ትናንት ሬጉላ ደብዳቤህን ከእጄ ነጥቃ አነበበችው።

«ይሄ ሰውዬ ጀልባ ነው የሚፈልግልሽ ወይስ ሬሳ ነው የሚመረምረው?» አለች።

«ዕድሜውን ሙሉ ሥራው ነው» አልኳት።

«እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አልጠብቅም። እስከ ፌብሩዋሪ ጀልባ ከሌለ የተራራ ማረፊያ ቤት ውስጥ የቀረበልኝን ሥራ እይዛለሁ። ስምሽን ይዤ አላለቅስም፤ አዝናለሁ እንጂ።»

እየቀለደች እንዳይመስልህ። እሷ ከቀረች እኔም ቀረሁ።

አንድ የመጨረሻ ማስታወቂያ ልኬልሃለሁ። አልጎት የሚባል ሰው ጀልባ ናት፤ እዚያው መንደርህ፣ ከቤትህ በእግር የሚደረስ። በ1968 የተሠራች፣ አረንጓዴ፣ ሰፋ ያለች፣ ፎቶዋ የማያምር። መልኳ ስለማይረባ አንተ ትወዳታለህ ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። በእግዚአብሔር፣ በዚህ ሳምንት እይልኝ።

ቲራ


ኦሩስት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1998

ለቲራ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

የአልጎት ጀልባ አትሆንም።

ክበቡ ስብሰባ አድርጎ፣ በሜይ ጀልባዎች ወደ ውሃ እስኪወርዱ ድረስ ቦታዬ ላይ ለቦታው የሚመጥን ጀልባ ካልታሰረ ለተረኛ እንደሚሰጥ ወስኗል። አመራሩ ውስጥ ያለችው ወጣት ሴት በጣም በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ ትሕትናዋ የበለጠ አናደደኝ። ይህን ያህል ዓመት ከፍዬ፣ ጠብቄ።

ሬጉላ ትሂድ። ምናልባት መሥሪያ ቤትሽን ብትለምኚ ፈቃዱን ወደ ሌላ ዓመት ያዛውሩልሽ ይሆናል። እስከዚያ ጥሩ ጀልባ ሊመጣ ይችላል። በመከር ብዙ ይወጣል።

አጎትሽ


በርን፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1998

ለአጎቴ ሲክስተን፤

ጤናህን እመኛለሁ። ሌላ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ሬጉላ ተራራ ልትወጣ ፈርማለች። መሥሪያ ቤት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነገረችኝ፤ አቅፋኝ አለቀሰች። መሥሪያ ቤቴን ለምኜ ነበር። አለቃዬ «አንዴ ማለት አንዴ ነው» አለኝ። እንግዲህ ያለኝ ፈቃድ ነው፤ ጀልባም ሰውም የለኝም።

ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ነጯን ጀልባ ለማውገዝ ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። የብረቷን ለማውገዝ እንዲሁ። የአልጎትን ግን በአንድ መስመር ቀበርካት። መዶሻ የለ፣ ዝገት የለ፣ ስንጥቅ የለ። ስለዚህ ስልክ አንሥቼ ለራሱ ለአልጎት ደወልኩ።

«የሲክስተን የወንድም ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ። ጀልባዎን አይቶ ነበር፤ ምን እንዳለ ልጠይቅዎት ነው።»

ሳቀ። «አንቱታውን ተዪው ልጄ። ስሚ፤ እዚህ ዳርቻ ጀልባ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ሲክስተንን ያውቀዋል። ይመጣል፤ መሰላል እናቀርብለታለን፤ ያንኳኳል፤ ይጽፋል፤ አመስግኖ ይሄዳል። ሊገዛ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። እኛ እንደ እንግዳ ነው የምናየው።»

«ያንተንስ ከዚህ በፊት አይቷት ያውቃል?»

«የኔን? ገና ልጅ ሳለች አንዴ ልሸጣት አስቤ ነበር። ያኔ ከወንድሙ ጋር መጣ፤ አባትሽ መሆኑ ነው። አባትሽ እዚያው ወለሏ ላይ ቆሞ «በቃ ተስማማን» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አጎትሽ ክንዱን ያዘና «ቆይ፣ መስኮቱ ያፈሳል» ብሎ ይዞት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ብቻውን መጥቷል።»

«ዘንድሮስ ምን አላት?»

«ዘንድሮ መሰላሉን አልወጣም። ከሥር ቆሞ አያት፤ ቆብ አውልቆ ቆሞ፤ ከዚያ ሄደ።»

አጎቴ፣ ይህን ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ። አባቴ አንተን ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ነው ተራራ አገር መጥቶ ያገባው፤ አሁን ገባኝ። እሑድ እሑድ ሐይቅ ዳር ወስዶኝ ጀልባ ሲያልፍ ዝም ይል ነበር። እኔ ልጅ ስለነበርኩ የደከመው ይመስለኝ ነበር።

ልንገርህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ ነገርህ። ለማትመጣ ጀልባ ቦታ ጠብቀህ፣ ለምትመጣዋ ሁሉ እንከን ታወጣለህ። እንከን የምትፈልገው እንዳትሄድ ነው። አንተ አለመሄድህ መብትህ ነው። አባቴን አስቀረኸው፤ አሁን እኔን እያስቀረኸኝ ነው፤ ይህ ግን መብትህ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። መሰላሉን ውጣ። ያለባትን ሁሉ ጻፍልኝ። ከዚያ ትሰጥም እንደሆነ ወይም አትሰጥም እንደሆነ ንገረኝ። መግዛት አለመግዛቴን እኔ እወስናለሁ።

ቲራ


ኦሩስት፣ ማርች 29 ቀን 1998

ለወንድሜ ልጅ ለቲራ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሰላምታዬን ከተቀበልሽው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተናደድኩ። የተናደደ መልስ ጽፌ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ጻፍኩ፤ እሱም እዚያው ገባ። ከአልጎት ጋርም መንገድ ላይ ስንገናኝ አፈር አፈሩን እያየሁ አለፍኩ፤ አፉን መጠበቅ አይችልም ብዬ። ወሩ እንዲህ አለፈ። ሐሙስ ዕለት ሄጄ መሰላል አምጣ አልኩት። አምጥቶ ደገፈልኝ።

ያለባት ይህ ነው። ከምሰሶው በስተቀኝ የላይ ወለሏ ረጥቧል፤ ስፋቱ የገበታ ያህል ነው፤ ተቆርጦ ይጠገናል። ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች በሙሉ መለወጥ አለባቸው፤ የሚታሰሩባቸውንም ብረቶች አንድ በአንድ ነቅሎ ማየት ግድ ነው፤ ይህን እንዳትዘይው። ሞተሩ ያጨሳል፤ ጠዋት ጠዋት ካላባበሉት አይነሣም። ትልቁ ሸራ በሁለት ቦታ ተጠግኗል፤ ሌላ አንድ በጋ ይሰጥሻል እንጂ ለውቅያኖስ አይሆንም፤ አዲስ ያስፈልግሻል። ሽንት ቤቱን ምንም ባልልሽ ይሻላል። የፊተኛው መስኮት አሁንም ያፈሳል። አልጎት ከሥሩ ድስት አስቀምጧል፤ ያንኑ ድስት ይመስለኛል።

ሆዷን በሙሉ አንኳኳሁት። ያን ጊዜ ፋይበር ምን ያህል እንደሚበቃ ስለማያውቁ እያበዙ ነበር የሚደራርቡት፤ እንደ ግድግዳ ወፍራም ነው። ክብደቷ በብሎን የተንጠለጠለ ሳይሆን ከአካሏ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ መሪዋም ከኋላው ተደግፏል። ድንጋይ ብትነካ ትቆጣለች እንጂ አትበታተንም። ቀስ ብላ የምትሄድ ግን የምታደርስ ናት።

አትሰጥምም። ያኔም አትሰጥምም ነበር። አውቅ ነበር።

ሥራዬ የተሰበረ ማየት ነበር፣ ቲራ። ደህና ሄዶ ደህና የተመለሰ ጀልባ አንድም ቀን ጠርቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ጀልባ ባየሁ ቁጥር ተሰብራ ነው የምትታየኝ። ወንድሜ ግን ስትሄድ ነበር የምትታየው። እኔ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ጥንቃቄ እያልኩ ስጠራው ኖርኩ። ሰውም አመነኝ፤ እኔም ራሴን አመንኩት። አባትሽ በባቡር የሄደ ቀን «ስታገኝ ጻፍልኝ» ነበር ያለኝ። ሲናገር ስላቅ አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ስፈልግ ነው የኖርኩት፤ ለእሱ ሲሆን ደግሞ ምንም ጀልባ አይበቃኝም።

ግዢያት።

የማሰሪያ ቦታዬን ለክበቡ መልሻለሁ። ያቺ ትሑት ልጅ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ፤ ቀጥሎ ያለው ተረኛ ሦስት ልጆች ያሉት አናጢ ነው አለችኝ። ይግባበት። አልጎት እስክትነሡ ድረስ ጀልባዋ በራሱ ቦታ ትቆይ ብሏል። በኤፕሪል ወለሏን እኔ እቆርጣለሁ፤ ገመዶቹንም አዝዣለሁ፤ አትከራከሪኝ።

ሬጉላን ይቅርታ በይልኝ። ሌላ ጠንካራ ሰው ፈልጊ እንጂ ብቻሽን እንዳትወጪ። አንቺ ስትተኚ ሌላ ሰው ነቅቶ መሪውን መያዝ አለበት። ይህ የፍርሃት ምክር አይደለም።

አጎትሽ ሲክስተን


በርን፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1998

ለምወድህ አጎቴ ሲክስተን፤

ሰላም ለአንተ፤ ለእጅህም፣ ለመሰላሉም።

ትናንት ለአልጎት ደውዬ ተስማምተናል። ጀልባዋ የኔ ናት። ስልኩን ስዘጋ አባቴን ላስታውስ አልፈለግኩም፤ ግን መጣ። ስለ እሱ የጻፍከውን አንብቤ አለቀስኩ፤ ተናድጄብህም አለቀስኩ። አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ይህ ንዴት ቶሎ የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ምናልባት ስፔን ስንደርስ።

ሌላ ሰው ፈልጊ ትለኛለህ። ጁን ሊገባ ነው። የማውቀው ሰው ሁሉ ትራም ይነዳል፤ ፈቃድም የለውም። የሬጉላን አልጋ ባዶ ያደረግኸው አንተ ነህ። አንተው ትተኛበታለህ።

አሁን ወረቀት አውጥተህ እምቢታህን መጻፍ እንደምትጀምር አውቃለሁ። እንዳትደክም ብዬ እኔው መርምሬሃለሁ። ሰባን አልፈሃል። በየነገሩ ትከራከራለህ። የሰው ምግብ አይጥምህም፤ ሾርባ ስትጠጣ ድምፅህ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ዳርቻ ሳይታይህ ያደርክበት ሌሊት የለም። ፈሪ ነህ፤ ራስህ ጽፈህልኛል። ከዚህ ሌላ የማላየው ብዙ እንከን ይኖርሃል፤ አሮጌ ስለሆንክ።

ሁሉንም አይቼዋለሁ። እንዲሁ እንዳለህ ወስጄሃለሁ።

የወንድምህ ልጅ፣ ቲራ